ሩቅ ያለ መምህር

አዘዞ የመንገዶች መገናኛ ናት። ከባሕር ዳር የሚመጣው፣ ከመተማ በአይከል በኩል የሚወጣው፣ ከጎርጎራና ከቆላ ድባ የሚዘልቀው መንገደኛ ሁሉ ጎንደር የሚገባው በእርሷ በኩል ነው። በአየር የሚመጣውም ቢሆን የሚያርፈው እዚያው አዘዞ፣ ከአፄ ቴዎድሮስ አውሮፕላን ማረፊያ ነው። ስለዚህ ከደቡብና ከምዕራብ ትምህርት ፍለጋ ወደ ጎንደር የመጣ ሰው፣ አኩፋዳ ያነገተው የቆሎ ተማሪም ሆነ ሻንጣ የሚጎትተው የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ አዘዞን ሳይረግጥ አላለፈም። በእኛ አገር መማር ማለት መሄድ ነበርና። ድጓ ለማስመስከር ቤተልሔም ይኬዳል፤ ለዝማሬ መዋሥዕት ዙር አምባ፤ ለአቋቋም ጎንደር በአታ። መምህሩ ከወንበሩ አይነሣም፤ ተማሪው ነው አገር የሚያቋርጥ።

ይህ ሥርዓት ተገልብጦ «ትምህርቱ ወደ ተማሪው ይሂድ» የተባለው በኮሮና ዘመን የሚመስለን ብዙዎች ነን። ነገሩ ግን ከዚያ እጅግ ይርቃል፤ የክሩም አንዱ ጫፍ አዘዞን ይነካል።

አፄ ሱስንዮስ ገነተ ኢየሱስን በአዘዞ ያሠሩት ኢየሱሳውያን በቤተ መንግሥቱ ተሰሚ በነበሩበት ዘመን ነው። ልጃቸው ፋሲል ሲነግሡ ኢየሱሳውያኑ ከአገር ተባረሩ። ከእነርሱ ጋር ሃይማኖታቸውን የተቀበሉ ጥቂት ኢትዮጵያውያንም ተሰደዱ። ከነዚህ አንዱ የአምሐራው መካነ ሥላሴ ተወላጅ አባ ጎርጎርዮስ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1649 ሮም ላይ፣ በቅዱስ እስጢፋኖስ የኢትዮጵያውያን ቤት ሳሉ፣ ሂዮብ ሉዶልፍ የሚባል የ25 ዓመት ጀርመናዊ መጥቶ አገኛቸው። ሉዶልፍ ግእዝን የለቀመው ከመጻሕፍት ብቻ ነበር፤ ሲነገር የሰማበት ጆሮ አልነበረውም።

ከሦስት ዓመት በኋላ የጎታው መስፍን ኤርንስት አባ ጎርጎርዮስን ወደ ግዛቱ አስጠራቸው። መምህርና ተማሪ በ1652 በዚያ ቤተ መንግሥት ተቀምጠው ስለ ቋንቋው፣ ስለ አገሩ፣ ስለ ንጉሡና ስለ ሕዝቡ ሲጠያየቁ ከረሙ። ከተለያዩ በኋላ ግን ትምህርቱ አልተቋረጠም፤ በደብዳቤ ቀጠለ። ሉዶልፍ ከጀርመን በግእዝ ይጠይቃል፤ አባ ጎርጎርዮስ ካሉበት ሆነው በግእዝ ይመልሳሉ። ሉዶልፍ በ1661 የግእዝ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት፣ በ1681 የኢትዮጵያ ታሪክ፣ በ1698 የአማርኛ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት አሳተመ። በአውሮፓ ስለ ኢትዮጵያ የሚደረገው ጥናት መሥራች ተብሎ የሚጠራው ይህ ሰው የኢትዮጵያን አፈር አንድ ቀን እንኳ አልረገጠም።

እንግዲህ አባ ጎርጎርዮስን ከቀደምት የርቀት መምህሮቻችን አንዱ ብላቸው፣ አንባቢዬ ሆይ፣ አትፍረድብኝ። «ያኔ ዩኒቨርሲቲ የት ነበርና?» ትለኝ ይሆናል። እውነት ነው። እኔ የማየው ግን ሌላውን ነው። ደብዳቤ ባሕርና ተራራ ተሻግሮ እስኪደርስ ወራት ይፈጅ ይሆናል፤ ሆኖም ተማሪው የተጠራጠረውን ቃል መልሶ መጠየቅ ይችል ነበር። መምህሩ ይሰሙታል። በ1658 አባ ጎርጎርዮስ የተሳፈሩባት መርከብ ሰጥማ ሞቱ። ሉዶልፍ ከዚያ በኋላ 46 ዓመት ኖረ፤ የሚጽፍላቸው ጥያቄ እንዳላጣ መገመት አያስቸግርም።

የቅኔ ቤትን ሥርዓት የሚያውቅ ሰው ይህን ነገር በቶሎ ይረዳዋል። ተማሪው ቀን ለብቻው ገለል ብሎ ቅኔ ይቆጥራል፤ ኋላ ቀርቦ የቆጠረውን ይነግራል። መምህሩ ይሰማል፣ ያርማል፣ ይመልሳል። ዘረፋው፣ ማለት መምህሩ ራሱ ቅኔ አፍልቆ የሚሰጥበት ሰዓት፣ የታወቀና የሚናፈቅ ነው፤ ተማሪው የሚበስለው ግን በነገራው ላይ ነው። ተማሪው ሲበዛና መምህሩ ሁሉን ሰምቶ መጨረስ ሲያቅተው፣ የበሰሉት ደቀ መዛሙርት አስነጋሪ ሆነው ጀማሪዎቹን ያደምጣሉ። አስነጋሪ የሚለው ስም ራሱ የማድመጥ ሹመት ነው።

ዘመናዊው ከፍተኛ ትምህርት ወደ ጎንደር ሲመጣም በዚሁ መንፈስ ነበር። ወባ በደምቢያ ሕዝብ በጨረሰ ማግሥት፣ በ1947 ዓ.ም. የጤና ኮሌጁ በጎንደር ተከፈተ። ጤና መኮንኑን፣ የማኅበረሰብ ነርሷንና የአካባቢ ጤና ባለሙያውን በአንድ ቡድን አድርጎ ወደ ገጠር ጤና ጣቢያ መላክ የኮሌጁ መታወቂያ ሆነ። በአዘዞ ታጥፈው ቆላ ድባ የወረዱት ተማሪዎች ከመማሪያ ክፍላቸው ርቀዋል፤ የሚጠይቁት መምህር ግን አላጡም።

ቀጥሎ የመጣውን አካሄድ በችኮላ ልለፈው። እ.ኤ.አ. በ1997 በዓለም ባንክ የተጀመረው የአፍሪካ ቨርቹዋል ዩኒቨርሲቲ በሳተላይት የሚያሠራጨውን ትምህርት ከተቀበሉት መካከል አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ይገኝበታል። በ2007 ደግሞ የሕንድ መንግሥት የዘረጋው መረብ አዲስ አበባንና ሐረማያን ከኢንድራ ጋንዲ ዩኒቨርሲቲ ጋር አገናኘ። በግል ኮሌጆች በኩል የሞጁል ትምህርት ተስፋፋ፤ ሥራውንና ቤቱን ሳይለቅ ዲግሪ የያዘ መምህርና የመንግሥት ሠራተኛ በየወረዳው ሞላ። በ2002 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ መንግሥት በጥራት ጉድለት ምክንያት የርቀት ትምህርትን በሙሉ አገደ፤ ከወራት በኋላ እግዱን አነሣ። እንደ እኔ ግምት በሽታው ርቀቱ አልነበረም። ጥራዙ ይላካል፤ ጥያቄውን የሚሰማ ግን የለም። በዚያው ዘመን በየሁለተኛ ደረጃው የተሰቀለውን ፕላዝማ ያየ ትውልድ ያውቀዋል፦ መምህሩ ከመስታወቱ ውስጥ ሆኖ ይጠይቃል፣ ጥቂት ይታገሣል፣ ራሱ መልሶ ያልፋል።

መጋቢት 7 ቀን 2012 ዓ.ም. ትምህርት ቤቶችና ዩኒቨርሲቲዎች ማስተማር አቆሙ። ተማሪዎች በመጡበት በአዘዞ መንገድ ወደየቤታቸው ተመለሱ። የሳይንስና ከፍተኛ ትምህርት ሚኒስቴር ማስተማሪያ ጽሑፎች በድረ ገጽና በቴሌግራም እንዲደርሷቸው፣ በተለይም የድኅረ ምረቃው ትምህርት በኢንተርኔት እንዲቀጥል ጣረ። ኮምፒውተር ላለውና መብራት ለማይቋረጥበት የከተማ ልጅ ይህ ታላቅ ነገር ነበር፤ ልናቃልለው አይገባም። የጃናሞራ ገበሬ ልጅ ግን ኔትወርክ ፍለጋ ተራራ መውጣት ነበረበት፤ ያም ሲሳካ የሚያገኘው ጽሑፍ ነው። ትምህርቱ ሄደለት፤ የእርሱ ጥያቄ የሚመለስበት መንገድ ግን እንደ ቀጠነ ቀረ።

በዚሁ መካከል፣ ሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም.፣ ድምፃዊ ሀጫሉ ሁንዴሳ በተገደለ ማግሥት ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ተዘጋ። ሦስት ሳምንት ገደማም ተዘግቶ ቆየ። ትምህርት በኢንተርኔት ይሁን በተባለበት ወቅት ኢንተርኔቱ ራሱ የለም። በቀጣዩ ዓመት ጦርነት ሲነሣ፣ ኅዳር 4 ቀን 2013 ዓ.ም. ሌሊት፣ ሮኬት የተተኮሰው በዚሁ በአዘዞው አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ነበር።

ከዚያ ወዲህ የኢንተርኔት ትምህርት በዕቅድ ደረጃ አድጓል። የትምህርት ሚኒስቴር ከማስተርካርድ ፋውንዴሽንና ከአሪዞና ስቴት ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎችን ኮርሶች ወደ ዲጂታል የሚያዞር ሥራ ጀምሯል። መምህራን የቪዲዮ ትምህርት አዘገጃጀት ይሠለጥናሉ፤ ኮርሶች ይቆጠራሉ። ቁጥሩን ሳይ ሁልጊዜ የምፈልገው ሌላ ዓምድ አለ፤ ለስንት ተማሪ ስንት አስነጋሪ ተመደበ የሚል።

በሐምሌ 2015 ዓ.ም. ማብቂያ በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ የሞባይል ኢንተርኔቱ ተቋረጠ፤ ለብዙ ወራትም አልተመለሰም። በስልኩ ብቻ ይማር የነበረ ሰው የሞላው ሒሳብ እያለ ከመምህሩ ተለየ። አዘዞ የሚኖር ተማሪ በእነዚያ ወራት አንድ ነገር ልጠይቅ ቢል፣ የቀረው መንገድ 12 ኪሎ ሜትሩን ወደ ጎንደር መውጣት ነበር፤ እርሱም መንገዱ በተከፈተበት ቀን።