የኅብረት ስምምነትና የመንግሥት ጤና ሠራተኛ

በአገራችን የአሠሪና የሠራተኛ ግንኙነት በ1956 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 210 በተደነገገ ጊዜ የኅብረት ስምምነት ሕጋዊ መሠረት አገኘ። አሠራሩም ግልጽ ነው፤ የሠራተኛ ማኅበርና አሠሪ በደመወዝ፣ በሥራ ሰዓትና በደኅንነት ተደራድረው ይፈርማሉ፤ የተፈረመውም ሁለቱንም ወገን ያስገድዳል።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 42 የሥራ ጠባያቸው ለሚፈቅድላቸው የመንግሥት ሠራተኞች ጭምር የመደራጀትንና የመደራደርን መብት ሰጠ። ይሁን እንጂ በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ በልዩ ሕግ የሚተዳደሩትን የመንግሥት አስተዳደር ሠራተኞች ከወሰኑ ውጭ አደረገ። ስለዚህ ሙያቸው አንድ ከሆነ ሁለት ነርሶች መካከል፣ በግል ሆስፒታል የምትሠራው በማኅበሯ አማካይነት ስለ ተረኝነት ክፍያዋ ልትደራደር ስትችል፣ የመንግሥት ባልደረባዋ ክፍያ በመመሪያ ተወስኖ ይደርሳታል።

በሕገ መንግሥት የሠፈረ መብት ፍሬ የሚሰጠው የድርድሩን ሥርዓት የሚዘረዝር ሕግ ሲከተለው ነው።