ንባብ ቤትና የንባብ ፍጥነት ጥያቄ

አንድ መምህር ሃምሳ ተማሪዎችን በአንድነት ንባብ ሲያስተምር ፈጣኑ ገጹን ጨርሶ መስኮት መስኮቱን ያያል፤ ዘገምተኛው ገና ከመጀመሪያው መስመር ጋር ይታገላል። መምህሩ ማንን ይጠብቅ? ይህን ጥያቄ ከዘመናዊ ትምህርት ጋር ወደ አገራችን የገባ አድርገው የሚቈጥሩ አሉ። ይሁንና የቤተ ክህነቱ ንባብ ቤት ለዘመናት በራሱ መንገድ ሲመልሰው ኖሯል፤ መልሱም ሊመረመር የሚገባው ቅርስ ነው።

በንባብ ቤት የዕድሜም ሆነ የዓመት ክፍል አልነበረም። በአንድ ዛፍ ጥላ ሥር ከተቀመጡት ልጆች አንዱ በስንደዶ እያመለከተ ሀሁ ይቈጥራል፤ ሌላው አቡጊዳ ይላል፤ ሦስተኛው ፊደለ ሐዋርያ ላይ፣ አራተኛው ዳዊት ላይ ደርሷል። ሁሉም ጮኾ ስለሚያነብ ለእንግዳ ሰው ጆሮ ሁካታ ነው፤ የኔታ ግን የሳተውን ድምፅ ከመካከል ለይተው ያርሙታል። ቀድሞ የሄደው ልጅ ሥራ ፈትቶ አይቀመጥም፤ ታናሹን ያስቀጽላል።

በተለይ አቡጊዳን ልብ ማለት ያሻል። ልጁ የግዕዙን 26 ፊደላት እስከ ሰባተኛው ድረስ፣ በጠቅላላው 182ቱን፣ በተለመደው ተራ ሲወርዳቸው ዐይኑ ሳያይ አፉ ሊቀድም ይችላል። አቡጊዳ ይህን መሸሸጊያ ያፈርስበታል። የፊደላቱ ተራ ይለወጣል፤ ድምፁም በየእርምጃው ይቀየራል፤ ከአ ወደ ቡ፣ ከቡ ወደ ጊ፣ ከጊ ወደ ዳ። በቃሉ ሸምድዶ ፈጣን የመሰለው እዚህ ይያዛል፤ ዘገምተኛ የተባለው ግን ፊደሉን በዐይኑ ለይቶ እንደሆነ ሳይደናገር ያልፋል። በዘመናችን ከሚሰጡት የንባብ ፈተናዎች ስንቶቹ ይህን ልዩነት ያወጡት ይሆን?

ንባቡም ራሱ በደረጃ የተከፈለ ነበር። ልጁ አንዱን ጽሑፍ በመጀመሪያ ፊደል በፊደል ይቈጥረዋል፤ ቀጥሎ በግዕዝ ንባብ በዝግታ እየጐተተ፣ ከዚያም በውርድ ንባብ ይለዋል፤ በመጨረሻም ተነሹንና ወዳቂውን፣ ሰያፉንና ተጣዩን ጠብቆ በቁም ንባብ ይፈጥናል። ስለዚህ ፍጥነት በጊዜው የሚደረስበት ማዕረግ እንጂ ልጁ የሚመዘንበት ተፈጥሮ አልነበረም። ያልደረሰ ይቈያል እንጂ አይወድቅም።

ዋጋው ግን ቀላል አልነበረም። ልጁ ዳዊት ሲደግም የሚያነበው ግዕዝ ስለሆነ ትርጉሙ አይገባውም። አለንጋው ከየኔታ እጅ አይለይም፤ ሴቶች ልጆችም በአብዛኛው ከጥላው ውጭ ነበሩ።

በአውሮፓ አቈጣጠር በ1908 የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ሲከፈት ደወል፣ የዓመት ክፍልና ለሁሉም አንድ ዓይነት ገጽ መጡ። የትምህርቱ ዓይነት ሰፋ፤ የልጁ የግል እርምጃ ግን በክፍሉ እርምጃ ተተካ። በሐምሌ 1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻም ይኸው ችግር ገጠመው። ጐልማሳው ገበሬና ወጣቷ አንድ ሰሌዳ ፊት ተቀመጡ፤ ዙሩ በቀን የተወሰነ ነበር። ትምህርቱ በየሰዉ ቋንቋ እንዲሰጥ በ15 ቋንቋዎች መዘጋጀቱ ንባብ ቤት ያልሞከረው ትልቅ እርምጃ ነው። ወደ ኋላ ለቀሩትም የማካካሻ ትምህርት ተደርጐላቸዋል። እዚህ ላይ ዘመቻው፣ ዐውቆም ይሁን ሳያውቅ፣ ያልደረሰውን የማቈየትን የየኔታን ልማድ መልሶ አንሥቶታል።