የሣህለ ሥላሴ ዓይን

እስቲ ዛሬ አንኮበር ደርሰን እንመለስ። ዓመቱ 1841 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የእንግሊዙ መልእክተኛ ካፒቴን ሃሪስ የሸዋው ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ፊት ቀርቧል። በኋላ ባሳተመው መጽሐፍ የንጉሡን ግርማ ያደንቃል፤ ግራ ዓይናቸው መጥፋቱንም ሳይጠቅስ አላለፈም።

ከሃሪስ ጋር ሩፐርት ከርክ የሚባል ሐኪም መጥቶ ነበር። ሰዉም «የፈረንጅ መድኃኒት» ፍለጋ ደጃቸውን አጣበበ። ምን ያደርጋል፣ በ1843 ልዑኩ ጓዙን ሸክፎ ሲሄድ ሕክምናውም አብሮ ሄደ።

በዓመቱ ከደብረ ብርሃን ብዙ በማይርቀው አንጎለላ የንጉሡ የልጅ ልጅ ምኒልክ ተወለዱ። የነገሡት ምኒልክ ከተማቸውን ከአንኮበር ወደ እንጦጦ፣ ከዚያም ወደ አዲስ አበባ አዞሩ። በ1910 በስማቸው የሚጠራው ሆስፒታል ተቋቋመ። ይኸው ሆስፒታል ከጊዜ በኋላ የአገሪቱ ዋነኛ የዓይን ሕክምና ማዕከል ሆነ፤ በ2003 የተመሠረተው የዓይን ባንክም መቀመጫው እዚያው ግቢ ነው። ዓይኑ የጠፋ ንጉሥ የልጅ ልጅ ሆስፒታል ዓይን ሲያበራ! ደስ አይልም?

ይላል። ግን ሆስፒታሉ ቤተ መንግሥቱን ተከትሎ አዲስ አበባ ሲተከል፣ ሕመሙ ገጠር ቀረ።

ገጠር የሄደ ሰው ከማተባቸው ጋር ወረንጦ ያንጠለጠሉ እናቶችን ሳያይ አይቀርም። ወረንጦው ለእሾህ ብቻ አይደለም። ትራኮማ ከልጅነት ጀምሮ እየተመላለሰ የቆብን ውስጥ ያጠባብሳል፤ ቆቡ ወደ ውስጥ ይታጠፍና ሽፋሽፍቱ በእያንዳንዱ ጥቅሻ ዓይንን ይፍቃል። «ፀጉር በዓይን» የሚባለው ይሄ ነው። ቢነቅሉት ተመልሶ ይበቅላል። ከወንዶች ይልቅ ሴቶችን ያጠቃል፤ ከልጆች ጋር የሚውሉት እነሱ ናቸዋ።

ከ2005 እስከ 2006 በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት አማራ ክልል ውስጥ ከ1 እስከ 9 ዓመት ካሉ ሕፃናት 62.6 በመቶው ንቁ ትራኮማ ተገኝቶባቸዋል። ከመቶ ልጅ ስድሳ ሁለት!

ነገሩን መለወጥ የጀመረው ሌላ ትልቅ ሆስፒታል አይደለም። ቆቡን አዙሮ የመስፋቱን ቀዶ ሕክምና የሠለጠኑ ነርሶች በጤና ጣቢያ መሥራት ጀመሩ፤ ደቂቃዎች ይበቁታል። ከ2008 ወዲህ ደግሞ በክልሉ የዘመቻ ሳምንታት ዚትሮማክስ ለሚሊዮኖች ታደለ። ያም ሆኖ ከዓመታት እደላ በኋላ ትራኮማው ያልለቀቃቸው ወረዳዎች አሉ። ውኃ በሌለበት ፊት አይታጠብም፤ ፊት ካልታጠበ ዝንቡም አይሄድም።

ሣህለ ሥላሴ ንጉሥ ሆነውም በአገራቸው የዓይን ሐኪም አልነበረም። ዛሬ ሐኪም አለ፣ መድኃኒት አለ፤ የቀረው መንገዱ ነው። የምኒልክ ሆስፒታል ከደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ለእኔና ለእናንተ የሁለት ሰዓት ተኩል መንገድ ነው፤ ወረንጦ ላንጠለጠለችው እናት ግን የትራንስፖርት፣ የማደሪያና የአስታማሚ ጣጣ ነው። እና ማን ወደ ማን ይሂድ?