የከፊል ረዳት ግሦችና የተቀጽላ ጥያቄ ታሪክ በእንግሊዝኛ ሰዋስው

አማርኛ ተናጋሪ የተናገረውን ነገር አድማጩ እንዲያጸናለት ሲሻ በዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ «አይደል?» ይላል። ባለቤቱ ወንድም ይሁን ሴት፣ ነጠላም ይሁን ብዙ፣ ድርጊቱ ያለፈም ይሁን ወደፊት የሚመጣ፣ ቃሉ አይለወጥም። እንግሊዝኛ ግን የተለየ ጠባይ አለው። ተቀጽላ ጥያቄው የዓረፍተ ነገሩን ረዳት ግሥ፣ ጊዜና ባለቤት ተከትሎ ይለዋወጣል፤ ዓረፍተ ነገሩ አዎንታዊ ሲሆን ተቀጽላው አብዛኛውን ጊዜ አፍራሽ፣ አፍራሽ ሲሆን ደግሞ አዎንታዊ ይሆናል። ይህን ደንብ ተማሪ በልምምድ ይደርስበታል። ነገር ግን «ኒድ»፣ «ዴር»፣ «ኦት ቱ» እና «ዩዝድ ቱ» የተባሉት አራት ግሦች ዘንድ ሲደርስ ደንቡ ራሱ ለሁለት ይከፈልበታል። የመማሪያ መጻሕፍት ይህን «ልዩ ሁኔታ» ብለው ያልፉታል፤ ምክንያቱ ግን በቋንቋው ታሪክ ውስጥ ይገኛል።

በጥንታዊው እንግሊዝኛ ውስጥ፣ መልካቸው የኃላፊ ጊዜ ሆኖ ትርጉማቸው የአሁን ጊዜ የሆነ ጥቂት ግሦች ነበሩ። «ካን»፣ «ሜይ»፣ «ሻል» እና «ዴር» ከእነዚህ ወገን ናቸው። የኃላፊ ጊዜ መልክ በሦስተኛ መደብ ነጠላ «ኤስ» የተባለውን ፊደል ስለማይጨምር፣ እነርሱም እስከ ዛሬ ያለዚህ ፊደል ይነገራሉ። «ኦት» ደግሞ «ገንዘቡ ማድረግ» የሚል ትርጉም ከነበረው ጥንታዊ ግሥ የኃላፊ ጊዜ መልክ የወጣ ነው፤ ዕዳ መኖርን የሚገልጸው «ኦው» የተባለው ግሥም የዚያው ልጅ ነው። «ኒድ» ግን በትውልዱ ተራ ግሥ ሲሆን፣ ከጊዜ በኋላ ወደ ረዳቶቹ ማኅበር የገባ እንግዳ ነው። «ዩዝድ ቱ» ከጥንታዊ ፈረንሳይኛ የተወረሰ ሲሆን፣ ልማድን ለመግለጽ ቀድሞ በአሁን ጊዜም ይነገር ነበር፤ ዛሬ የቀረው የኃላፊ ጊዜው ብቻ ነው።

በዚያ ዘመን ማንኛውም ግሥ ከባለቤቱ ፊት ተቀምጦ ጥያቄ፣ «ኖት»ን አስከትሎ አፍራሽ ሊሆን ይችል ነበር። ታላቁ ለውጥ የመጣው «ዱ» የተባለው ረዳት ግሥ ሲስፋፋ ነው። ስዊድናዊው ምሁር አልቫር ኤሌጎርድ እ.ኤ.አ. በ1953 ባሳተመው ጥናት የዚህን ግሥ እድገት በዝርዝር ተከታትሏል። ለውጡ በ16ኛው መቶ ዓመት እጅግ የበረታ ቢሆንም በአንድ ቀን የተፈጸመ አልነበረም፤ እ.ኤ.አ. በ1611 የታተመው የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ቅዱስ እንኳ ያለ «ዱ» በቀረቡ ጥያቄዎች የተሞላ ነው። በመጨረሻ ግን ተራ ግሦች ለጥያቄና ለአፍራሽ «ዱ»ን ሲጠሩ፣ ረዳት ግሦች የቀድሞውን ሥርዓት ይዘው ቀሩ። በሁለቱ ወገኖች መካከል ድንበር የተበጀው በዚህ ጊዜ ነው፤ አራቱም ግሦች በድንበሩ ላይ ቆመው ተገኙ።

ተቀጽላ ጥያቄም በ16ኛው መቶ ዓመት ቴአትሮች ውስጥ ይታያል። ተቀጽላው የሚሠራው በረዳት ግሥ ስለሆነ፣ አንድ ግሥ ከየትኛው ወገን እንደቆመ የሚመሰክር ሆኗል። «ሂ ኒድንት ካም» ያለ ሰው «ኒድ ሂ?» ብሎ ይደመድማል፤ «ሂ ደዝንት ኒድ ቱ ካም» ያለው ግን «ደዝ ሂ?» ይላል። ሁለቱም ትክክል ናቸው፤ የአንዱን ራስ ከሌላው ጭራ ጋር ማጋጠም ግን ስሕተት ነው። «ዩዝድ ቱ» ዛሬ በአብዛኛው «ዲድንት ሂ?»ን ያስከትላል። «ኦት ቱ» ደግሞ «ኦትንት ሂ?»ን ቢይዝም፣ በእርሱ ፈንታ «ሹድንት ሂ?» የሚሉ ተናጋሪዎች አሉ።

ራንዶልፍ ኩዎርክና ሦስት ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1985 ባሳተሙት ታላቅ የሰዋስው መጽሐፍ አራቱን ግሦች በረዳቶቹ ዳርቻ ላይ መድበዋቸዋል። ከእነርሱ አንዱ የሆነው ጄፍሪ ሊች በኋላ እ.ኤ.አ. በ1961 እና በ1991 የታተሙ የብሪታንያ ጽሑፎችን ሲያነጻጽር፣ «ኦት ቱ» እና በረዳትነት የሚያገለግለው «ኒድ» በእጅጉ መቀነሳቸውን ተመልክቷል። በአንጻሩ እንደ ተራ ግሥ የሚሠራው «ኒድ ቱ» እየበረከተ ሄዷል። እንግዲህ ጉዞው ገና አልተፈጸመም።

ይህ ታሪክ ለመምህር የሚሰጠው ጥቅም ግልጽ ነው። ከአሮጌ መጽሐፍ የተማረ ተማሪ «ዩዝድ ኖት ቱ» ብሎ ቢጽፍ፣ ከአዲስ መጽሐፍ የተማረው ደግሞ «ዲድንት ዩዝ ቱ» ቢል፣ ሁለቱም የአንድ ቋንቋ ሁለት ዘመን ምስክሮች ናቸው። በፈተና ወረቀት ላይ ቀይ መስመር ሊሰመርበት የሚገባው፣ ተማሪው ከሁለቱ መንገዶች አንዱን በመምረጡ ሳይሆን በአንዱ ጀምሮ በሌላው ሲጨርስ ነው። አንዱን ብቻ ትክክል አድርጎ የሚያርም የመልስ ቁልፍ ግን ያጠናውን ልጅ ካላጠናው ጋር እኩል ይቀጣል።