«ሐኪም»፦ የሙያችን ስም ከየት መጣ?

ውድ የትምህርት ቤት ጓደኞቼ፣ ጎንደር ላይ ያን ሁሉ ሌሊት ያነጋነው «ዶክተር» ለመባል ነበር። ሕዝባችን ግን ከዚያ የቆየ ስም አለው፤ ሐኪም።

ቃሉ የተወረሰው ከዐረብኛ ነው። መነሻ ትርጉሙ ብልህ፣ አስተዋይ ሰው ማለት ነው። ዐረቦች ለሕክምና ባለሙያ «ጠቢብ» የሚል ስምም አላቸው። በግእዝ ደግሞ ጠቢብ ማለት ብልህ ነው! ሁለቱ ቋንቋዎች ቃል የተለዋወጡ ነው የሚመስለው። ግእዝ ለሙያው የራሱ ስም ነበረው፤ «ዐቃቤ ሥራይ»። ዐቃቢ ጠባቂ ነው፤ ከሌላ ስም ጋር ሲናበብ «ዐቃቤ» ይሆናል። «ሥራይ» ግን መድኃኒትም አስማትም ስለሆነ ስሙ ሁለቱንም ያዘለ ነው።

«ሐኪም»ን ከስሙ ጋር አዋህዶ ያኖረው የጎንደሩ ልጅ ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ነው። በ1860 ዓ.ም. ከመቅደላ ጦርነት በኋላ እንግሊዞች ገና ሕፃን ሳለ ወደ ሕንድ ወሰዱት፤ ላሆር ላይ ሕክምና ተማረ። አገሩ ሲመለስ «ሐኪም» የስሙ ግማሽ ሆነ። በ1947 ዓ.ም. የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሲከፈት ደግሞ ስሙ ወደ ገጠር ወጣ። ዳባትና ደባርቅ ዛሬም የጤና መኮንኑም ነርሱም፣ መርፌ የሚወጋው ሁሉ ሐኪም ነው።

አሁን ወደ ሰዋስው ልምጣ። አማርኛ የተዋሰውን ስም እንደ ራሱ አረባው፤ አከመ፣ ታከመ፣ አሳከመ፣ አካሚ፣ ታካሚ፣ ሕክምና። ዐረብኛ ሴቷን «ሐኪማ» ይላታል፤ እኛ ግን ያንን መልክ አላመጣነውም። «ሐኪም» ብቻውን ወንድም ሴትም አይደለም። ፆታው የሚታወቀው «ሐኪሙ መጣ»፣ «ሐኪሟ መጣች» ሲባል ነው።

ታዲያ ጆሯችን ለምን ወንድ ብቻ ይሰማል? አብራችሁኝ የተማራችሁ ሴቶች ታውቁታላችሁ። ተረኛ ክፍል ውስጥ ወንዱ ተለማማጅ «ዶክተር» ይባላል፤ የምታስተምረው እስፔሻሊስት «ሲስተር»። ሲስተርነት የተከበረ ሙያ ነው፤ ቅር የሚለው ነርሷም ሐኪሟም በሥራቸው ሳይሆን በሴትነታቸው መጠራታቸው ነው።

ጥፋቱ ግን የቋንቋው አይደለም። የጎንደር እናቶች አክብረው «ሐኪም መጡ» ሲሉ ወንድ ይሁን ሴት አይለይም። በዚያች አጭር ዐረፍተ ነገር ውስጥ ለሁላችንም እኩል ቦታ አለ። ለተማሪዎቻችን ከአናቶሚው ጋር ይህንንም ብናስተምር ምን ይለናል?