ለሕፃን ኀዘን የተሰጠች ክፍል

ሰፈራችንን «ጳውሎስ» ያሰኘው ሆስፒታሉ መሆኑን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ይህ ሆስፒታል በፈረንጆች አቆጣጠር በ1969 ዓ.ም.፣ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን፣ ዐቅም የሌለውን ሕዝብ ለመርዳት ተቋቋመ፤ ዛሬም ከሩቅ አገር የሚመጣ ሕመምተኛ በበሩ ሲጎርፍ ይውላል። ከሕመምተኛውም ጋር ልጅ ይመጣል። እናቱ ከተኛችበት አልጋ ሥር አድሮ በማለዳ ወደ ክፍል የሚገባ ልጅ ግን ምን ተሸክሞ እንደሚገባ በስም መጥሪያው መዝገብ ላይ አይጻፍም። ይህን ጽሑፍ እንድንጽፍ ያነሣሣንም ይኸው ነው።

ቀድሞ የልጅን ኀዘን የሚሰማው ማን ነበር? በቤት አያት፣ በደብር የንስሐ አባት ነበሩ። በቆሎ ትምህርት ቤት የኔታ ይከበራሉ፣ ይፈራሉም፤ ስለዚህ ከአገሩ የራቀውን ትንሽ ተማሪ ማታ በጎጆው ውስጥ የሚያባብለው ብዙ ጊዜ ታላቁ ተማሪ ነበር። «ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» የሚለው ተረት ግን የልጅን ነገር ከቁም ነገር እንዳንቈጥር አስለምዶናል ብለን እናስባለን።

የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት በፈረንጆች 1908 ዓ.ም. ሲከፈት፣ በዚያው ዓመት በአሜሪካ አገር በቦስተን ከተማ ፍራንክ ፓርሰንስ የተባለ ሰው ወጣቶች ለጠባያቸው የሚስማማ ሥራ እንዲመርጡ የሚመክር ቢሮ አቋቋመ። የትምህርት ቤት አማካሪነት ታሪክ በብዙ መጻሕፍት ከዚህ ይጀምራል። እንግዲህ መነሻው የእንጀራ ጉዳይ እንጂ የእንባ ጉዳይ አልነበረም። ወደ አገራችንም በ1960ዎቹ (በፈረንጆች) በዩኒቨርሲቲ በኩል ሲገባ ይህንኑ መልክ ይዞ ነበር፤ አማካሪ ማለት የትኛውን የትምህርት ዘርፍ እንደምትመርጥ የሚነግርህ ሰው ነው።

ከሆስፒታሉ ብዙም በማይርቀው በጄኔራል ዊንጌት ትምህርት ቤት ነገሩ ሌላ ነበር። ይህ ትምህርት ቤት በፈረንጆች 1946 ዓ.ም. ሲመሠረት አዳሪ ትምህርት ቤት ነበርና (ዛሬ ፖሊ ቴክኒክ ኮሌጅ ሆኗል) ከየጠቅላይ ግዛቱ የመጣ ልጅ ቀን ብቻ ሳይሆን ሌሊትም በዚያው ነበር። ናፍቆት ደግሞ የሚብሰው በሌሊት ነው። አዳሪ ትምህርት ቤት ያለ አሳዳሪ ሊቆም የማይችለውም ስለዚህ ነው።

ከዚያ በኋላ ክፉ ዘመን መጣ። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በቀይ ሽብር ጊዜ ያለቁት ብዙዎቹ ተማሪዎች ነበሩ፤ በማግሥቱ ባዶ የሆነውን ወንበር እያዩ የተማሩም ተማሪዎች ነበሩ። ያን ጊዜ የልብን ለሰው መናገር ሕይወት ያስጠፋ ነበር። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ቢባልም፣ ሚስጥር በማይጠበቅበት ቦታ የሚደብቅ ሰው አይፈረድበትም። የምክር ክፍል ከወንበርና ከጠረጴዛ በፊት የሚያስፈልጋት ነገር ምን እንደ ሆነ ከዚህ የተማርን ይመስለናል።

ክፍሉ ራሱ ምን መምሰል እንዳለበት ቀድማ ያሰበችበት እንግሊዛዊቷ ሐኪም ማርጋሬት ሎወንፌልድ ናት። በ1928 በሎንዶን ክሊኒክ ከፈተች፤ ልጅን «ንገረኝ» ብላ በማስጨነቅ ፋንታ አሸዋና ውኃ፣ በመሳቢያም ትንንሽ አሻንጉሊቶች አቀረበችለት። ልጁም በአሸዋው ላይ የራሱን ዓለም ሠራ፤ በአፉ ያላለውን በእጁ አሳየ። በአገራችንም ወይዘሮ ዘሚ የኑስ፣ ኦቲዝም ያለበትን ልጃቸውን ትምህርት ቤቶች አልቀበል ስላሏቸው፣ በፈረንጆች 2002 ዓ.ም. ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን በአዲስ አበባ አቋቋሙ። ወይዘሮዋ በ2021 ዐረፉ፤ ሥራቸው ግን አለ።

በ1999 የኮሶቮ ስደተኞች ወደ አልባኒያ በጐረፉ ጊዜ ዩኒሴፍ ለልጆች የጨዋታና የእረፍት ቦታ በመጠለያዎቹ ውስጥ ከፈተ። ይኸው ዓይነት ቦታ ከ1913 እስከ 1915 ሳይሆን በእኛው ዕድሜ፣ ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በነበረው የሰሜኑ ጦርነት ሳቢያ፣ በአማራ ክልልና በትግራይ ለተፈናቀሉ ሕፃናት ተከፈተ። ታሪክ ሲባል ሁልጊዜ የሩቅ ይመስለናልና ነው እንዲህ ማለታችን።

አሁን ወደ ራሳችን እንመለስ። በትምህርት ቤታችን ከደረጃው ሥር የተሰበሩ ዴስኮች የሚቀመጡበት አንድ ክፍል ነበር። እስከ ዓምና ድረስ «ቢሮ ትፈለጋለህ» የተባለ ተማሪ የሚያስበው ቅጣትን ብቻ ስለ ነበር፣ የምክር ክፍሉ ከቢሮዎቹ ራቅ ይበል ብለን ከመምህራን ጋር ተስማማን። ዴስኮቹን አወጣን፤ ግድግዳውን ነጭ ቀባን፤ ሰሌን አነጠፍን። ትልቅ ጠረጴዛ እንዳይገባ ተከራከርን፤ በጠረጴዛ ማዶ የተቀመጠ ሰው ዳኛ ይመስላልና። አሸዋውን በሳጥን ያመጡልን የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ናቸው። መጋረጃው ግን እስካሁን አጭር ነው።

መጀመሪያ የመጣው የሦስተኛ ክፍል ልጅ ነበር፤ ስሙን አንጠራም። እናቱ በሆስፒታል ተኝታ ነበር። ሦስት ቀን መጥቶ አንድ ቃል አልተናገረም፤ በአሸዋው ላይ መንገድ ብቻ ይሠራ ነበር። በአራተኛው ቀን መምህርቷን ቀና ብሎ አየና፣ «እትዬ፣ መስኮቱ ይከፈታል?» ሲል ጠየቀ። መምህርቷም ተነሥተው ከፈቱለት።