የጃፓን የባሕር ጠረፍ ጥበቃ ተቋም

ተቋሙ በተመሠረተበት እ.ኤ.አ. በ1948፣ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተረፉ የባሕር ፈንጂዎችን ማጽዳት ከሥራዎቹ አንዱ ነበር፤ ይህ ተግባር በኋላ ለባሕር ኃይሉ ተላልፏል። የተቋሙ ሕግ አንቀጽ 25 በጦር ሠራዊት መልክ መደራጀትን ይከለክላል። ዛሬ በትራንስፖርት ጉዳዮች ሚኒስቴር ሥር፣ በ11 የአካባቢ ጽሕፈት ቤቶች አማካይነት በባሕር ላይ ሕግ ያስከብራል፤ ነፍስ ያድናል፤ የባሕር ካርታም ያዘጋጃል።

በባሕር ላይ አደጋ የደረሰበት ወይም አደጋ ያየ ሰው፣ እ.ኤ.አ. ከ2000 ጀምሮ በሚያገለግለው 118 የስልክ ቁጥር ያለ ክፍያ መደወል ይችላል። የተንቀሳቃሽ ስልኩ የቦታ አመልካች ክፍት ከሆነ ደዋዩ የሚገኝበት ሥፍራ ለጥሪ ተቀባዩ ይደርሳል። የብስ በማይታይበት ባሕር ላይ ይህ ከማናቸውም የቃል ገለጻ ይበልጣል። ወደ ቁጥሩ ከሚገቡት ጥሪዎች አብዛኞቹ ግን በስሕተት ወይም በቀልድ የሚደረጉ ናቸው። እነዚህ ጥሪዎች በመስጠም ላይ ያለውን ሰው ጥሪ ሊያዘገዩ ስለሚችሉ፣ ቁጥሩ ለአስቸኳይ ጉዳይ ብቻ ሊደወልበት ይገባል።